አባዬ፣ ዶክተር አይደለሁም

ይድረስ ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ደህና ነኝ። የዳላስ ሙቀት ድሬን ያስመሰግናል፤ ከዚራ ቢያንስ የዛፍ ጥላ አላት።

ቡና ላይ ከጓደኞችህ ጋር ስትጫወት «ልጄ አሜሪካ ዶክተር ሆናለች» ማለትህን እህቴ ነገረችኝ። አባዬ፣ ዶክተር አይደለሁም። ነርስም አይደለሁም። «ሕክምና ቤት ነው የምሠራው» ብዬ ያድበሰበስኩብህ እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱ የኔ ነው። የምሠራው ፕላዝማ የሚሰበሰብበት ቤት ነበር። ነበር ያልኩህ ስለለቀቅኩ ነው።

ፕላዝማ የደም ውሃው ነው። ሰውየው ጋደም ይላል፤ ማሽኑ ደሙን ይስብና ፕላዝማውን አስቀርቶ ቀዩን በዚያው መርፌ ይመልስለታል። ጠርሙሱ ውስጥ ሲጠራቀም ጠጅ ይመስላል። ጮማ በልቶ የመጣ ሰው ከሆነ ግን ወተት ጠብ የተደረገበት ያህል ይደፈርሳል። ደማቸው አልረጋ ለሚል፣ በሽታ የመከላከል አቅም ላነሳቸው ሰዎች መድኃኒት ይሠራበታል። እኛ ጋ ደም በነጻ፣ በሦስት ወር አንዴ ነው የሚለገሰው፤ እዚህ ለፕላዝማ ይከፈላል፣ በሰባት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜም ይፈቀዳል። እናም ኪራይ የጎደለበት ሁሉ ይመጣል። ሐበሾችም ይመጣሉ። እነሱም አፍረው፣ እኔም አፍሬላቸው፣ እርስ በርሳችን በእንግሊዝኛ ነበር የምናወራው።

ሥራውን አልጠላሁትም። ደም ሥር የሚገኘው በዓይን ሳይሆን በጣት ነው። አንተ የባቡሩን ፉርጎ መንኮራኩር በመዶሻ ቆርቆር አድርገህ በድምፁ ብቻ ስንጥቁን እንደምታውቀው።

ያማረረችኝ ኃላፊዋ ናት። የምታየው ሰዓት ብቻ ነው፤ ሰው ከገባ እስኪወጣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ አበቃ። ነገ ጠዋት የምንገባበትን ፈረቃ ሌሊት በስልክ መልእክት ትቀይራለች። ሰው ሲለቅ ሥራውን በቀረነው ላይ ትከምረዋለች። አንድ ቀን ሥራ ከጀመረች ሁለት ሳምንት እንኳ ያልሞላትን ልጅ ብቻዋን አልጋዎቹ መሃል ተወቻት። ሌሊቱን ሙሉ ቢሮ ስታጸዳ ያደረች ሴትዮ እንቅልፍ ወስዷት ነበር፤ መርፌው ከደም ሥሯ ወጥቷል። ማሽኑ ደሙን ሲመልስ ቆዳዋ ሥር ገባ። ልጅቷ ደግሞ ሌላ የሚጮህ ማሽን ጋ ናት። እኔ ስደርስ የሴትዮዋ ክንድ የእንቁላል ያህል አብጦ ጠቁሯል። ማሽኑን አቁሜ በረዶ ስይዝላት ኃላፊዋ ከቢሮዋ ብቅ አለችና ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይህ አልጋ መቼ ነው የሚለቀቀው?»

በማግስቱ የልጅቷን የሥልጠና ወረቀት አመጣችልኝ። «ብቻዋን መሥራት ትችላለች» በሚለው ሥር እንድፈርም። ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ አይቼ ጨርሼ አላውቅም። አልፈርምም አልኳት። «ወረቀት እኮ ነው!» አለችኝ። በሚቀጥለው ሳምንት የሥራ ሰዓቴ በግማሽ ተቀነሰ፤ የዚያን ሳምንት መጨረሻ ለቀቅኩ።

አንድ ማታ ትዝ አለኝ። «ፍሬኑን ሳላይ አልፈርምም» ብለህ እኩለ ሌሊት ድረስ ወርክሾፕ ቆይተህ፣ እማዬ ራትህን ሦስቴ አሙቃ አጉረመረመች። እኔም ከእሷ ጋር ነበርኩ አባዬ። ፈርሞ ቢመጣ ምን ነበረበት ብዬ ነበር።

ለጉልበትህ መድኃኒት የሚሆነውን ልኬአለሁ፤ የሚቀጥለው ወር ግን ሊዘገይ ስለሚችል ለእማዬ አንተው በዘዴ ንገራት። ጓደኞችህ ከጠየቁህ «ደም ቀጂ ነበረች፣ አሁን ሥራ እየፈለገች ነው» በላቸው። አይስቁብህም፤ ቢስቁም ቡናውን ይክፈሉ።

ልጅህ