አባባ፣ ሰንሰለቱን ይተዉት

ይድረስ ለውድ አባቴ፦

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። እኔ ባለሁበት አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ዘንድሮም በረዶው ሄደ ስንል ይመለሳል። ጠዋት ጠዋት መኪናዬን ጠርጌ ነው ሥራ የምገባው።

ይህን ደብዳቤ ታናሼ እንዲያነብልዎ በቴሌግራም ልኬለታለሁ። ለፋሲካ በሰው የምልከው ዕቃ አለ፤ ደብዳቤው ግን እስከዚያ መቆየት አይችልም። ለምን እንደሆነ ሲያነብልዎ ይገባዎታል።

እሁድ ስንደዋወል ስለ ቡችላው ነገሩኝ። ሰፈር ውስጥ ሌባ መብዛቱን፣ ታናሼ ከሰው ላይ ፒትቡል የሚባለውን ዓይነት ውሻ መግዛቱን፣ ሁለት ወሩ መሆኑን። ከዚያ "ዘሩ የታወቀ ነው፣ ሰው አያስጠጋም፤ እንዲከፋ ከአሁኑ አስሬ ነው የማሳድገው" አሉኝ። እኔ ዝም አልኩ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎዎት "ሃሎ፣ ሃሎ" አሉ። አልተቋረጠም ነበር። የድሮው ውሻችን ደፋር ትዝ ብሎኝ ነው።

ደፋርን እንዴት እንዳመጡት ያስታውሳሉ? በካርቶን፣ ዝናብ እየዘነበ። እናቱ የወፍጮ ቤቷ ውሻ ነበረች። ያቺ ቡናማዋ። እህል ለማስፈጨት ወረፋ በያዘው ሰው መሃል ተኝታ ትውል ነበር። ልጆች ጆሮዋን ይጎትቷታል፣ ዝም ትላለች። ደፋርም እንደ እሷ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ድረስ ሮጦ ይቀበለኛል። የጎረቤት ዶሮ የያዘ ቀን ግን ባሕር ዛፉ ሥር ታሰረ። ከዚያ ወዲህ አልተፈታም።

ሰንሰለቱ ሁለት እርምጃ አይሞላም። እኔ በእግሬ ለክቼዋለሁ። ተማሪዎች ሲያልፉ በቆርቆሮው ቀዳዳ ድንጋይ ይወረውሩበት ነበር። እኛም ምግቡን በእንጨት እየገፋን መስጠት ጀመርን። በዓመቱ ጥርሱን ሳያሳይ ሰው አይቶ አያውቅም። እርስዎ "አሁን ውሻ ሆነ" ብለው ደስ አለዎት። በር ላይ "ኃይለኛ ውሻ አለ" ብለን ጻፍን።

ከዚያ የጎረቤታችን ልጅ ኳሱን ሊያነሣ ገባ።

የልጁን እግር ዛሬም በሕልሜ አየዋለሁ። ፓስተር እየተመላለሰ ሆዱ ላይ ሲወጋ እናቱ ግቢያችንን እያየች ታለቅስ ነበር። በማግስቱ ደፋር ባሕር ዛፉ ሥር አልነበረም። የት እንደወሰዱት አልጠየቅኩም። እርስዎ ያን ዕለት "ዘር ከልጓም ይስባል፤ አውሬ ነው" አሉ። እማዬ ነፍሷን ይማርና "ምን ዘር አለው? ከአህያ የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ ትመጣለች፤ ከድንጋይ ጋር ያዋልነው እኛ ነን" ብላ ወጥ ቤት ገባች። ከሁለታችሁ ማን ትክክል እንደሆነ ይኸው ስንት ዓመት ሳስብ ኖርኩ።

አባባ፣ እዚህ የምሠራው ሥራ ሲነግሩዎት እንዳዘኑ አውቃለሁ። ልጄ ተምራ የውሻ ጠባቂ ሆነች ብለው። እኔ ግን ሥራዬን እወደዋለሁ። ዴንቨር ውስጥ ባለቤቶቻቸው መንገድ ሲሄዱ ውሾች የሚያድሩበት ቤት ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ሠላሳ፣ አርባ ውሻ አያለሁ። ስለዚህ ነገር የምናገረው አይቼ ነው።

በመጀመሪያ እርስዎ የተናገሩት እውነት አለበት። ዘር ይስባል። እዚህ ቦርደር ኮሊ የሚባል የበግ እረኛ ውሻ አለ። አንዱ ቡችላ አፓርትመንት ውስጥ ያደገ ነው፤ በግ አይቶ አያውቅም። እኛ ጋ በመጣ በመጀመሪያው ቀን ሌሎቹን ውሾች ጎንበስ እያለ ከቦ ወደ ጥግ ነዳቸው። ማን አስተማረው? ማንም።

ውሾቹን የሚያሠለጥነው ባልደረባዬ ደግሞ ስለ ሩሲያ ቀበሮዎች ነገረኝ። ዲሚትሪ ቤልያዬቭ የሚባል ሳይንቲስት ነው ሥራውን የጀመረው፣ በ1959። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልዎ።) ቦታው ሳይቤሪያ፣ ኖቮሲቢርስክ አጠገብ ነው። ከየትውልዱ ሰው የማይሸሹትን ብቻ እየመረጠ አዳቀለ። በጥቂት ትውልድ ጭራቸውን የሚቆሉ፣ እጅ የሚልሱ ቀበሮዎች ተገኙ። በሌላ ወገን ተናካሾቹን ብቻ እየመረጡ አራቡ። የተናካሿን ግልገሎች ለገራሟ እናት ሰጥተው ቢያሳድጓቸውም ተናካሽ ሆነው አደጉ። ይህን ስሰማ እርስዎን አሰብኩ። አባቴ አልተሳሳተም አልኩ።

ነገር ግን አባባ፣ እነዚያ ቀበሮዎች በየትውልዱ ለአንድ ጠባይ ብቻ የተመረጡ ናቸው። ዛሬ ታናሼ የሚገዛው ዓይነት ቡችላ እንዲያ ተመርጦ የተወለደ አይደለም። ቀለሙ፣ ደረቱ፣ የጭንቅላቱ ትልቀት ነው የሚታየው። በ2022 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አንድ ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከ18,000 በላይ ውሾችን ጠባይ ከባለቤቶቻቸው ጠይቀው፣ የ2,000ዎቹን ዘረመል መረመሩ። ዘሩን ማወቅ የአንዱን ውሻ ጠባይ ከሌላው የሚለይበትን 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው የሚነግርዎ። ትእዛዝ መቀበል ላይ ዘር የተሻለ ይናገራል። ቶሎ መቆጣት ላይ ግን ምንም አይናገርም ማለት ይቻላል።

የፒትቡል ነገር ለብቻው ነው፤ አልደብቅዎትም። አያቶቹ እንግሊዝ አገር በሬ ላይ ይለቀቁ የነበሩ ናቸው። ያ በ1835 በሕግ ሲከለከል ሰዎቹ ውሻን ከውሻ ወደ ማዋጋት ዞሩ። ስለዚህ ሌላውን ውሻ ሲያይ የሚነሣበት አለ። ሲነክስ ደግሞ ይዞ ይነቀንቃል። መንጋጋው ይቆለፋል የሚባለው ውሸት ነው፤ አለመልቀቁ ግን እውነት ነው። እጄ ላይ ያለው ጠባሳ የትንሽ ነጭ ውሻ ነው። ሁለት ቀን በፕላስተር አለፈ። ፒትቡል ቢሆን ሌላ ታሪክ ነበር። ለዚህ ነው እንዲህ ያለ ውሻ ከሌላው የበለጠ በጥንቃቄ ማደግ አለበት የምለው። እርስዎ ለማድረግ ያሰቡት የዚህን ተቃራኒ ነው።

እዚህም ሰው በዚህ ጉዳይ ብዙ ተጣልቷል። ዴንቨር ከባድ አደጋዎች ደርሰው በ1989 ፒትቡልን ጭራሽ ከለከለች። አውሮራም በ2005 ተከተለች። ብዙ ውሾች ማንንም ሳይነክሱ በመልካቸው ብቻ ተገደሉ። በ2020 በምርጫው ቀን የዴንቨር ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ክልከላውን አነሣ። አሁን ባለቤቱ ፈቃድ ያወጣል። የእብድ ውሻ ክትባት አስከትቦ፣ ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ አስገብቶ። 36 ወር ያለ ችግር ካለፈ እንደ ማንኛውም ውሻ ይቆጠራል። ለእኔ ይህ ትክክል ይመስለኛል። የሚጠየቀው ባለቤቱ ነውና።

አንድ ልንገርዎ፣ እዚህ ሁሉም የሚያውቀው ነው። በ2007 ማይክል ቪክ የሚባል ታዋቂ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ቨርጂኒያ ውስጥ ውሻ በማዋጋት ተከሶ ታሰረ። ግቢው ውስጥ ሃምሳ ያህል ፒትቡል ተገኘ። ብዙዎቹ ጫካ ውስጥ በከባድ ሰንሰለት የታሰሩ። ብዙ ሰው "እነዚህ አይድኑም፣ ይገደሉ" አለ። ፍርድ ቤቱ ግን እያንዳንዱ ለብቻው እንዲመረመር አደረገ። በኃይለኝነቷ ምክንያት እንድትገደል የተወሰነባት አንዲት ብቻ ነበረች። 22ቱ በጣም የከበዱት ዩታ ወዳለ መጠለያ ሄዱ። ሌሎቹ ቤተሰብ ገቡ። አንዱ ልጆች ማንበብ ሲለማመዱ አጠገባቸው ተኝቶ ያዳምጥ ነበር። እርግጥ ከመጠለያው ሳይወጡ ያረጁም አሉ። ሰው ያበላሸው ሁሉ አይመለስም።

ሌላም ጥናት አለ። ከ2000 እስከ 2009 አሜሪካ ውስጥ ውሻ የገደላቸውን 256 ሰዎች ጉዳይ አንድ በአንድ አዩት። ከአራቱ ሦስቱ ላይ ውሻው ከቤተሰብ ጋር የሚውል አልነበረም። ታስሮ ወይም ለብቻው ተዘግቶበት የኖረ ነው። ከአሥሩ ከስምንት በላይ በሆኑት ውሻው አልተኮላሸም። ከአሥሩ ስምንት በላይ በሆኑት ደግሞ በአጠገቡ ሊያስጥል የሚችል ሰው አልነበረም። ይህን ሳነብ ባሕር ዛፉን፣ ሰንሰለቱን፣ ኳሱን አየሁ። የእኛን ግቢ የጻፉት መሰለኝ።

አሁን ወደ ቡችላው ልመለስ። የቸኮልኩት ለዚህ ነው። ቡችላ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ድረስ ያየውን ሰው፣ ድምፅና እንስሳ "ይህ የእኔ ዓለም ነው" ብሎ ይይዛል። ከዚያ በኋላ የሚያየው አዲስ ነገር ያስፈራዋል። የፈራ ውሻ ደግሞ ነው የሚነክሰው። ሁለት ወሩ ከሆነ የቀረን አምስት ሳምንት ነው፣ አባባ። አምስት ሳምንት ብቻ።

ቤት ውስጥ አስገቡት አልልም። ጸሎት ቤትዎን አከብራለሁ፣ እማዬም አትወድም ነበር። በረንዳው ይበቃዋል። ቀን ቀን ግቢ ውስጥ ፈትተው ይተዉት። ሽማግሌ፣ ሴት፣ ነጠላ የለበሰ፣ ጃንጥላ የያዘ፣ ቄስ፣ የውኃ ቆጣሪ አንባቢው፣ ሁሉም ሰው በእጁ ቁራሽ ይስጠው። ሲበላ አይነካካ። ሲያጉረመርም አይመቱት። ማጉረምረሙ "ተዉኝ" ማለቱ ነው። በዱላ ካስተዉት ሳያስጠነቅቅ መንከስ ይማራል። ደፋርን እንዲያ ነው ያስተማርነው።

ሚጥሚጣ ማብላት የሚሉትን ሰዎችም አይስሟቸው። የታችኛው ሰፈር ሰውዬ ውሻውን እንዲያ ሲያበላ አይቻለሁ። የሚከፋው አፉና ሆዱ ስለሚቃጠል ነው። ግፍ ነው።

ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባቱን ይከተብ። ገንዘቡን እልካለሁ። ከፍ ሲል ይኮላሽ። "ወኔው ይጠፋል" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የመጮህ ወኔው አይጠፋም። ሌባ የሚፈራው ደግሞ ጩኸቱን ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ስትሉን ነው ያደግነው አይደል? ያበሉት፤ ይጮኽልዎታል። ማታም በሩን ቆልፈው እንደተፈታ ይተዉት። ጅብ በቆርቆሮው በኩል እንዳይገባ ታናሼ ያንን የተቀደደውን ጥግ ይድፈነው።

ስለ ማሚቱዬ ደግሞ በጣም ነው የምለምንዎ። አራት ዓመቷ ነው፤ ውሻ አንገት ላይ ትጠመጠማለች። ውሻው የቱንም ያህል ገር ቢሆን ለብቻቸው አይተዋቸው። አንድ ደቂቃም ቢሆን። ከተኛበት እንዳትቀሰቅሰው፣ ከሳህኑ እንዳትወስድበት ያስተምሯት። ልጅም ይገራል። እግዚአብሔር አይበለውና የማንም ውሻ ቢቧጭራት እንኳ ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ይጠቡት። ከዚያ ሳያድር ጤና ጣቢያ። "ትንሽ ነው" ብላችሁ እንዳትተዉት።

የጎረቤታችን ልጅ አሁን አግብቷል አሉኝ። ሲያገኙት ሰላም ይበሉልኝ። ያኔ ይቅርታ ሳልጠይቀው ነው ያደግኩት፤ ልጅ ስለነበርኩ ምን እንደምለው አላወቅኩም ነበር። ቡችላውንም ወስደው ያሳዩት። ከፈቀደ በእጁ ያብላው።

ለፋሲካ በሚመጣው ሰው ሰፊ የቆዳ የአንገት ማሰሪያና አሥር ሜትር ገመድ እልካለሁ። ለማሰሪያ አይደለም፤ ታናሼ ጠዋት ይዞት እስከ ወፍጮ ቤቱ ሄዶ እንዲመለስ ነው። ሰው መሃል ይቀመጥ፤ የደፋር እናት ትቀመጥበት የነበረበት ቦታ ላይ። ሰንሰለቱን ከገዙትም አይጣል። የላላውን የውጭ በር ይጠፍሩበት።

እስከ ቅዳሜ ፎቶውን ላኩልኝ። ተፈትቶ።

ልጅዎ