እማዬ፣ ገንዘቡ በአንቺ ስም አይግባ

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ ስናወራ ቅር እንዳለሽ ከድምፅሽ ገብቶኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። በስልክ ሲሆን ደግሞ ግማሹን ሳልናገር ነው ሰዓቱ የሚያልቀው፤ ስለዚህ ይኸው ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው።

ያልሽኝ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ ጠቅልዬ ከመግባቴ በፊት ያጠራቀምኩትን በአንቺ ደብተር እንዳስገባ። ሁለተኛው፣ ያ የምታውቂው ሰው ከባንክ በተሻለ መንዝሮ ቤትሽ ድረስ እንደሚያመጣልሽ። ሁለቱንም እንቢ ስልሽ ያላመንኩሽ መሰለሽ። እማዬ፣ በዚህ ዓለም ላይ እንደ አንቺ የማምነው ሰው የለኝም።

አባዬ ያረፈ ጊዜ ትዝ ይልሻል? በደብተሩ ላይ የነበረውን ገንዘብ ለማውጣት ስንት ወር ተመላለስሽ። የሞት ማስረጃ አምጪ፣ ወራሽነትሽን በፍርድ ቤት አረጋግጪ፣ ምስክር አቅርቢ፣ ይህ ማኅተም ጎድሎታል ሂጂና ነገ ተመለሺ። ሐዘንሽ ሳይወጣልሽ ወረፋ ላይ ቆመሽ የዋልሽውን እኔ ከሩቅ ሆኜ ስሰማ ምንም ላደርግልሽ አልቻልኩም፣ እስከዛሬም ይቆጨኛል። ያ ደግሞ አብራችሁ የለፋችሁበት ገንዘብ ነበር። አሁን የእኔ በአንቺ ስም ቢቀመጥ ሕጉ የሚያየው ያንቺ ብሎ ነው። እድሜሽን ያርዝመውና፣ አንድ ነገር ቢመጣ ውርስ ይሆናል። እህቴ ክፉ አይደለችም፣ አንቺም ታውቂያታለሽ። ግን «የእማዬ ነው» ብትል አትሳሳትም፣ ወረቀቱ እንደዚያ ነው የሚለው። እኔ «የለፋሁበት ነው» ብል እኔም አልዋሸሁም። ሁለታችንም እውነት ይዘን ልንጣላ እንችላለን፣ እኔ የምፈራው እሱን ነው። ሌላም አለ። አንቺ ታመሽ መፈረም ቢያቅትሽ ገንዘቡ እያለ ለሕክምናሽ እንኳን ማውጣት እንቸገራለን።

ስለዚህ በራሴ ስም ሒሳብ እከፍታለሁ። ለአንቺ ደግሞ ውክልና እሰጥሻለሁ፣ ለሚያስፈልግሽ ሁሉ ፈርመሽ ታወጫለሽ። እኔን ማስፈቀድም የለብሽም።

የሰውየውን ነገር በደንብ ላስረዳሽ። እሱ ገንዘቡን ድንበር አያሻግርም። እኔ እዚህ ላለው ባልደረባው እሰጣለሁ፣ ሰውየው ደግሞ እዚያ በእጁ ካለው ላይ ለአንቺ ይቆጥርልሻል። ከመሀል ምንም ወረቀት የለም። በብዙ አገር ሕገወጥ ነው፣ ቢጠፋ ደግሞ ለማን አቤት ይባላል? ደህና ቢደርስ እንኳን ገንዘቡ አመጣጥ የሌለው ገንዘብ ይሆናል። ነገ ቤት ልግዛ ወይም ሥራ ልጀምር ብል «ይህን ከየት አመጣኸው?» እባላለሁ፣ የማሳየው የለኝም። የምንዛሪ ቁጥጥር ባለበት አገር ደግሞ ገንዘቤን አንድ ቀን መልሼ ላውጣ ብል መጀመሪያ የምጠየቀው በሕጋዊ መንገድ የገባበትን ማስረጃ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሌሊት እየሠራሁ ያጠራቀምኩት ነው፣ የተሰረቀ ገንዘብ እንዲመስል አልፈልግም።

በሻንጣ ይዤ ልምጣ ማለቱንም ተይው። ማጣትና መዘረፉ አለ፣ በዚያ ላይ አሜሪካ ከ10,000 ዶላር በላይ፣ አውሮፓ ኅብረት 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ጥሬ ገንዘብ ይዞ የሚገባም የሚወጣም ሰው ማስመዝገብ ግዴታው ነው። ካላስመዘገበ ሊወረስበት ይችላል።

«ባንክ ይበላዋል» ያልሽው ግን እውነት አለው። የዓለም ባንክ እንደሚለው 200 ዶላር ከአገር ወደ አገር ለመላክ በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ ይቆረጣል። የተባበሩት መንግሥታት እስከ 2030 ከ3 በመቶ በታች እናወርደዋለን ብለው አቅደዋል፣ እስካሁን አልደረሱበትም። እንደ እኔ ጠቅለል ያለ ገንዘብ ለሚልክ ሰው ግን የሚጎዳው የአገልግሎት ክፍያው ሳይሆን ምንዛሪው ነው። «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚሉት ተመኑን 3 በመቶ ዝቅ ካደረጉብኝ ከ20,000 ላይ 600 ወሰዱ ማለት ነው፣ ደረሰኙ ላይ ግን «ክፍያ፦ ዜሮ» ይላል። እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ይህን ያህል ብሰጣችሁ እዚያ ስንት ይደርሳል? እሱን ከሁለት ሦስት ቦታ ጠይቄ አወዳድራለሁ። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ አልልክም፣ የምንዛሪ ገበያው ስለሚዘጋ አንዳንዶቹ ለራሳቸው መጠባበቂያ ብለው ተመኑን ያወርዱታል።

ሁሉንም ባንዴ አልክም። የመጀመሪያው ጊዜ ምን እንደደረሰብን ረስተሽዋል? ስምሽ በደብተርሽ ላይ በአንድ ፊደል ተለይቶ ተጽፎ ነበር፣ እኔ በመታወቂያሽ አጻጻፍ ላክሁት። አንቺ በየቀኑ ቅርንጫፉ ድረስ እየሄድሽ «አልገባም» ትባያለሽ፣ እኔ እዚህ «ሄዷል» እባላለሁ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ፣ ያውም መሀል ላይ ያሉት ባንኮች ቆርጠውለት፣ ሁለቴ ተመንዝሮ። ያኔ ነው ጠይቄ የተረዳሁት። ስዊፍት የሚሉት በ1973 ብራስልስ የተቋቋመው ድርጅት ራሱ ገንዘብ አይወስድም፣ ባንክ ለባንክ መልእክት ብቻ ነው የሚያደርሰው። ሁለቱ ባንኮች በቀጥታ የማይተዋወቁ ከሆነ መሀል ላይ ሌላ ባንክ ይገባል፣ እሱም የድርሻውን ይቆርጣል። ስም ካልገጠመ ደግሞ ሁሉም ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ ትንሽ ልኬ በትክክል መድረሱን አያለሁ፣ ከዚያ ዋናውን። ይህ ለሙከራ ነው እንጂ ከቁጥጥር ለማምለጥ መበጣጠስ አይደለም፤ እሱ በአንዳንድ አገር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው።

የደመወዝ ወረቀቶቼን፣ የግብር ደረሰኞቼንና የባንክ ስቴትመንቴን እየሰበሰብኩ ነው። ድሮ ውጭ ያለ ሒሳብን ማንም አያውቀውም ይባል ነበር። አሁን ከ100 በላይ አገሮች የሒሳብ መረጃ ይለዋወጣሉ። እኔም የምደብቀው የለኝም። የእዚህን ሒሳቤን ግን ወዲያው አልዘጋም፣ የመጨረሻ ደመወዜና የግብር ተመላሽ ካለ የሚገባው እዚህ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ገንዘብ ልልክ እንደሆነ ለማንም አትንገሪ፣ ለጎረቤትም ለዘመድም። ሰው ደውሎ «ልጅዎ የላከው ገንዘብ ተይዟል፣ ለማስለቀቅ ይህን ያህል ይክፈሉ፣ የሚስጥር ቁጥርዎን ይንገሩን» ካለሽ ምንም ሳትመልሺ ዝጊውና ለእኔ ደውይ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን። ስሜን፣ ያንቺን ስም፣ የእህቴን ስም ሁሉ ቢጠሩልሽ እንኳን።

አሁን የምትረጂኝ አንድ ነገር አለ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ የአባዬ ወረቀቶች ያሉበት ፖስታ ሥር፣ የልደት ወረቀቴና የድሮው መታወቂያዬ አሉ። ስሜ እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደተጻፈ ከፓስፖርቴ ጋር ማስተያየት አለብኝ፣ ሒሳቡን ስከፍት ፊደል በፊደል እንዲገጥም። መስኮቱ ጋ፣ ብርሃን ባለበት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ከእነ ጉልበትሽ አትጎንበሺ፣ እህቴ ስትመጣ ታውጣልሽ። እሑድ እደውላለሁ።

ልጅሽ