የአልጌው ፕሮቲንና በጠርሙስ የሚሸጠው ጄል አንድ አይደሉም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የባሕር ተክል ኤች አይ ቪን እንደሚያጠፋ በጤና ዓምዳችሁ የጻፋችሁትን አነበብኩ። የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። እንዲህ ያለ ሳይንስ በአማርኛ ሲጻፍ በጣም ደስ ይለኛል። ጽሑፉ ግን ዋናውን ነገር ዘሎታል። መድኃኒት ይሆናል ተብሎ ተስፋ የተጣለበት ተክሉ አይደለም፤ ከውስጡ ተነጥሎ የወጣ አንድ ፕሮቲን ነው። ይህን ባለመለየት ሰው ገንዘቡንም ጤናውንም ሊያጣ ይችላል።

ፕሮቲኑ ግሪፊትሲን ይባላል። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ከኒውዚላንድ ባሕር ከተሰበሰበ፣ ቀይ አልጌ ከሚባል የባሕር ተክል ለይተው በ2005 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉት። ሌክቲን ከሚባሉት፣ ስኳር እየመረጡ ከሚይዙ ፕሮቲኖች ወገን ነው። ስኳር ስል ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ማለቴ አይደለም። የሴሎቻችንና የብዙ ቫይረሶች ገጽ በልዩ ልዩ የስኳር ሰንሰለት የተሸፈነ ነው። ደማችን ኤ ወይም ቢ የሚባለው እንኳ በቀይ የደም ሴል ላይ ባለው ሰንሰለት ጫፍ በተቀመጠው ስኳር ነው። ኢል የሚባለው እባብ መሳይ ዓሣ ደሙ ውስጥ ያለው ሌክቲን የኦ ደም ሴሎችን ለይቶ ያጣብቃል። በእኛ ሙያ ይህ የቆየ እውቀት ነው።

የኤች አይ ቪ ሽፋን ማኖስ በሚባል ስኳር የተሞላ ነው። ግሪፊትሲን ጥንድ ሆኖ ይሠራል፤ ጥንዱ ማኖስን የሚይዝባቸው ስድስት ቦታዎች አሉት። ጭጎጎት ልብስ ላይ እንደሚጣበቅ ቫይረሱ ላይ ይጣበቅና ወደ ሴል እንዳይገባ ያግደዋል። ለዚህም በላቦራቶሪ እጅግ ጥቂት መጠን በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ሳርስና መርስ የሚባሉትን የመተንፈሻ አካል በሽታዎች የሚያመጡ ቫይረሶችንም በላቦራቶሪ ሙከራ አግዷል።

እኔን ከሁሉ በላይ የማረከኝ አመራረቱ ነው። አልጌውን ከባሕር እየለቀሙ ለብዙ ሕዝብ የሚበቃ መድኃኒት ማውጣት አይታሰብም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ፕሮቲኑ እንዲሠራ የሚያዘውን ጂን የትምባሆ ዘመድ በሆነ ተክል ውስጥ አስገቡት። 465 ካሬ ሜትር ገደማ ከሆነ አንድ ግሪንሃውስ ከ60 ግራም በላይ ንጹሕ ፕሮቲን አገኙ። ይህ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ ነው። ሳነበው የአበባ እርሻዎቻችን ትዝ አሉኝ። ባሕር የሌላት አገርም ከባሕር የተገኘ ፕሮቲን በግሪንሃውስ ልታመርት ትችላለች ማለት ነው። እውነት ለመናገር፣ ይህን ብትጽፉት ኖሮ ጋዜጣውን ለተማሪዎች አባዝቼ እሰጥ ነበር።

ግን ላቦራቶሪ ሌላ፣ ሰው ሌላ። ፕሮቲኑ ያለበት፣ በሴት ብልት ውስጥ የሚደረግ ጄል በመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ በጥቂት ሴቶች ላይ ታይቷል። የተጠናው በዋናነት ደኅንነቱ ነው። ኤች አይ ቪን በሰው ላይ ይከላከላል ወይ የሚለውን እንዲህ ያለ ትንሽ ሙከራ አይመልስም። ቀደም ሲል የሆነውንም አንርሳ። ካራጂናን ከሚባል የአልጌ ውጤት የተሠራ ሌላ ጄል በላቦራቶሪ ብዙ ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ከ6,000 በላይ ሴቶች ተሳትፈውበት ተሞከረ። በ2008 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ ጉዳት እንደሌለው፣ ኤች አይ ቪን ግን እንዳልተከላከለ ታወቀ።

አሁን ሶሻል ሚዲያ ላይ “ሲ ሞስ” እየተባለ በጠርሙስ የሚሸጠውን ጄል አስቡት። ይህ ጄል የሚሠራበት አልጌ ራሱ ሌላ ነው፤ ግሪፊትሲን የተገኘው ከእሱ አይደለም። የባሕር አልጌ ደግሞ ብዙ አዮዲን ሊኖረው ይችላል። አዮዲን ሲያንስ እንቅርት እንደሚያመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሲበዛም የእንቅርት ዕጢን ሥራ ያዛባል። እህት ወንድም ከውጭ የላከላቸውን ጠርሙስ ይዘው መጥተው “መድኃኒቴን ልተወው?” ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። የእናንተን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ይህን ቢጠይቅ አልፈርድበትም።

ስለዚህ ማስተካከያ እንድታወጡ እለምናለሁ። ውጤቱ በሙከራ ብልቃጥ፣ በአይጥ ወይስ በሰው እንደታየ በመጀመሪያው አንቀጽ ይጻፍ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለየትኛውም የባሕር ጄል ብሎ እንዳያቋርጥም በጉልህ አስፍሩልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ