እማዬ፣ አቡሽ ሲበላ እይልኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ጅማ።

እማዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ፍራንክፈርት ብርዱ ገብቷል። የላክሽልኝን ቡና ትናንት ቆላሁት፣ ቤቱ ሁሉ ጅማ ጅማ ሸተተ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ትንሹ ወንድሜ ስለ አቡሽ ነው። ባለፈው በቪዲዮ ስናወራ ምሳ ላይ ነበራችሁ። እናንተ በልታችሁ ስትነሱ እሱ ገና ግማሹን አላገባደደም። በየጉርሻው ውሃ ይጎነጫል። ሥጋውን ወደ ዳር ገፍቶ ወጡን ብቻ ያጠቅሳል። «ቅብጠት ነው» ስትዪ ሰማሁሽ። እማዬ፣ እኔ ግን ያየሁት ራሴን ነው።

ያን ፋሲካ ታስታውሻለሽ? የዶሮው ሥጋ ደረቴ ላይ ተሰነቀረ። ጋሼ ጀርባዬን መቱኝ፣ «በእንጀራ ግፋው» ተባልኩ። ምራቄ እንኳ አልወርድ አለኝ። ከዚያ በየክሊኒኩ «ጨጓራ ነው» እየተባልኩ ስንት ዓመት ኪኒን ዋጥኩ። ውስጤን ግን ማንም አላየውም።

እዚህ በአፌ ካሜራ አስገብተው ከምግብ ቧንቧዬ ስድስት ቦታ ቅንጣት ሥጋ ወሰዱ። ከብዙ ቦታ የሚወሰደው በሽታው አንዱ ጋ ኖሮ ሌላው ጋ ላይገኝ ስለሚችል ነው። ስሙ ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጃይተስ ይባላል። ከአለርጂ ወገን ነው፣ የምግብ ቧንቧን ያስቆጣል፤ ይሄን ቁጣ ብግነት ይሉታል። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች በጤነኛ ሰው የምግብ ቧንቧ ላይ አይገኙም። በማይክሮስኮፕ በአንድ እይታ 15 እና ከዚያ በላይ ከተቆጠሩ ምልክቱ እሱ ነው።

ምላስ ላይ የሚቀልጥ፣ ብግነቱን የሚያበርድ ቡዴሶናይድ የሚባል ኪኒን ሰጡኝ። ወተትና ስንዴም ተውኩ። ያንቺ የጾም ሽሮ ያዳነኝ እዚህ ላይ ነው፤ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። ንጹሕ የጤፍ እንጀራም ስንዴ የለበትም።

ከወራት በኋላ ሲያዩ ሴሎቹ ጠፍተዋል። ሥጋው ግን አሁንም ይሰነቀርብኛል! አንድ ሐኪም «ፍርሃት ነው» አለኝ። ከበሽታው ይልቅ እሱ አመመኝ።

ሌላ ሐኪም ግን አመነችኝ። ማኖሜትሪ የሚባል ምርመራ አዘዘችልኝ። በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ ያስገባሉ፣ ከዚያ ተኝተሽ አሥር ጊዜ ውሃ ትውጫለሽ። ቱቦው የጡንቻውን ግፊት ይለካል። የምግብ ቧንቧ ዝም ብሎ የሚያፈስ ቧንቧ አይደለም እማዬ። ከላይ ወደ ታች እየጨመቀ ይገፋል፣ ከታች ያለው በርም በጊዜው ይከፈታል። የኔ ግፊት ደካማ ነው፣ አንዳንዴም መሃል ላይ ይቋረጣል። ብግነቱ ከሽፋኑ አልፎ ጡንቻውንም ሊነካ ይችላል አለችኝ። አንዳንዱ ሰው ብግነቱ ሲበርድ እንቅስቃሴውም ይመለስለታል፣ አንዳንዱ አይመለስለትም። የታችኛው በር አልከፈት የሚላቸውም አሉ፣ የነሱ ሕክምና ሌላ ነው።

አሁን ሥጋውን በደቃቁ ከትፌ፣ በመረቅ አርሼ፣ ቀጥ ብዬ ተቀምጬ እበላለሁ። ብዙ ተሽሎኛል።

አቡሽ አስም አለበት። ይሄ በሽታ ደግሞ አስም ያለበትን ሰው ይወዳል፣ በቤተሰብም ይሄዳል። እባክሽ ሆስፒታል ውሰጂው። «ሲውጥ ይሰነቀርበታል፣ አስም አለበት፣ ወንድሙም ይሄ በሽታ አለበት» በያቸው። ሦስቱንም። ኢንዶስኮፒ፣ ያ በአፍ የሚገባው ካሜራ፣ ከተደረገለት፣ ቧንቧው ጤነኛ ቢመስልም ቅንጣት እንዲወስዱለት ጠይቂ። ገንዘቡን እኔ እልካለሁ፣ እሱን አታስቢ።

እስከዚያ ወተቱንም ዳቦውንም በራስሽ አታስቁሚው። ገና እያደገ ነው፣ ምርመራውም ይዛባል። ከተሰነቀረበት በእንጀራ አትግፉት። ምራቁ አልወርድ ካለ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሩጡ።

እና እማዬ፣ ቀስ ብሎ ሲበላ አትቆጪው። ማዕዱን ሳታነሺ ጠብቂው። ሐሙስ ማታ እደውላለሁ፣ ስልኩን ለእሱ ስጪልኝ።

ልጅሽ