በቀስት ማደን ከማማ ወይስ ከመሬት?

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ትልልቅ የዱር እንስሳትን በቀስት ለማደን የዛፍ ላይ ማማ ከመሬት ይሻላል የሚለው አስተያየት ያለ ክርክር መወሰዱ ያሳስበኛል። ከፍታው አዳኙን ከእንስሳው የዓይን መስመር እንደሚያወጣውና ጠረኑም ብዙ ጊዜ ከእንስሳው በላይ እንዲያልፍ እንደሚረዳ አልክድም። ነገር ግን ፍላጻ የሚገድለው ሳንባንና ታላላቅ የደም ሥሮችን ሲበሳ በመሆኑ፣ እንስሳው ከማማው ሥር ተጠግቶ በቆመ ጊዜ ቁልቁል የሚለቀቅ ፍላጻ አንዱን ሳንባ ብቻ ወግቶ ሊወጣ ይችላል፤ እንዲህ የቆሰለ እንስሳ ርቆ ይሄዳል፣ ተሠቃይቶም ሳይገኝ ሊቀር ይችላል። ከመሬት ሆኖ በጎን በኩል የሚያነጣጥር አዳኝ ሁለቱንም ሳንባዎች የመምታት ዕድሉ የሰፋ ነው። የእርሱ ፈተና ቀስቱን ሲገትር አለመታየት ሲሆን፣ ይህም ጥሩ መደበቂያን፣ የነፋስን አቅጣጫ መከታተልንና ከሁሉም በላይ ትዕግሥትን ይጠይቃል።

ማማን የምትመርጡ ወገኖቼ፣ እግራችሁ መሬት ከለቀቀበት ጊዜ ጀምሮ ተመልሳችሁ እስክትወርዱ ድረስ የደኅንነት መታጠቂያችሁን ከዛፉ ጋር ከታሰረው ገመድ እንዳትፈቱ አደራ እላለሁ፤ ቀስታችሁንም ከላይ ሆናችሁ በገመድ ሳቡት እንጂ ይዛችሁት አትውጡ። እኔ ግን እንስሳው በቀጥታ ከበታቼ ከቆመ፣ ምንም ያህል ቢቀርብ፣ ቀስቴን አልገትርም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የቀስት አዳኝ