ማስተዋልን የተማርንበት ዓመት፦ የተፈጥሮ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን እንደ ሌሎቹ ክበባት ሁሉ በዓመቱ መጀመሪያ አባላቱን መዝግቦ፣ ሥራ አስፈጻሚ መርጦና ዕቅዱን ለርእሰ መምህሩ ቢሮ አቅርቦ ሥራውን ጀምሯል። የስብሰባዎቹ ቃለ ጉባኤ በፋይል ስለሚገኝ እዚህ አልዘረዝረውም። ሊነገር የሚገባው ዘወትር ዓርብ ከትምህርት በኋላ የምንሠራው ነው፤ ከሩቅ ለሚያየው ሥራ ስለማይመስል “ልጆቹን ቁጭ አድርጎ ዛፍ ማሳየት ምን ይጠቅማል?” የሚል ጥያቄ ዓመቱን ሙሉ ሲቀርብልኝ ቆይቷልና።

እያንዳንዱ አባል በግቢው ውስጥ ለዓመቱ የመረጠው አንድ ቦታ አለው፤ አንዱ ከአጥሩ ሥር፣ ሌላዋ ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ ሌላው ከቤተ ሙከራው ፊት ለፊት ካለው ዋንዛ ግርጌ። ስልኩን አስረክቦ ለሃያ ደቂቃ ያህል በዝምታ ይቀመጣል፤ ያየውንና የሰማውን ይጽፋል፤ በመጨረሻም፣ ከፈለገ፣ ያየው ነገር ወደ ልቡ ያመጣውን ሐሳብ ይጨምርበታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደብተሮቹ ላይ የሰፈረው “ዛፍ፣ ወፍ፣ ሣር” ብቻ ነበር። ኅዳር ላይ ግን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ የዋንዛው ነጭ አበባ ሲረግፍ እንደማይበታተንና ሙሉውን እንደሚወድቅ፣ ንቦቹም መሬት የነጠፈውን ትተው ቅርንጫፉ ላይ ያለውን እንደሚጎበኙ ጻፈ። ይህ ልጅ በዚያ ዛፍ ሥር ሁለት ዓመት ሲመላለስ ኖሯል።

ትምህርት ቤታችን የመንግሥት እንደመሆኑ ክበቡ ሃይማኖት አይሰብክም፤ ይህን አስመልክቶ ከወላጆች የተነሣው ሥጋት ተገቢ ስለነበረ በወቅቱ መልስ ሰጥተንበታል። ይሁን እንጂ ልጆቹ እምነታቸውን በር ላይ ጥለው አይገቡም፤ እንዲጥሉም አልጠይቃቸውም። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ባለው ዘመነ ጽጌ ካህናቱ ሌሊቱን በማኅሌት ቆመው በአበባ እየመሰሉ እመቤታችንንና ልጇን ያመሰግናሉ፤ አበባን ቀርቦ ሳያይ ያደገ ልጅ የዚያን ማኅሌት ምሥጢር በግማሽ ብቻ የሚያገኘው ይመስለኛል። በቅዱስ ቁርኣንም ንብና ጉንዳን በስማቸው የተጠሩ ምዕራፎች አሏቸው፤ ሰው ግመል እንዴት እንደተፈጠረች፣ ሰማይም እንዴት ከፍ እንደተደረገች እንዲመለከት ይጠየቃል። ሁሉም ልጅ ከየቤቱ ይዞት የመጣው ትእዛዝ አስተውሎ መመልከት ከሆነ፣ እኛ የምናደርገው ለዚያ ጊዜና ቦታ መስጠት ነው።

የዓመቱ ትልቁ ጉዟችን በጣና ሐይቅ ወዳለው የዘጌ ባሕረ ገብ መሬት ነበር። በመንገዱ ሁኔታ ምክንያት ደጋግሞ ከተራዘመ በኋላ ጠዋት ከባሕር ዳር በጀልባ ተነሣን። ዘጌ ላይ በሬ ጠምዶ ማረስ የተከለከለው የዘጌን ገዳም በመሠረቱት በአቡነ በትረ ማርያም ሥርዓት እንደሆነ በአካባቢው ይነገራል፤ ሕዝቡም በትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና፣ ጌሾና ሎሚ እያለማ ኖሯል። ልጆቹ ይህን እንዲያዩ አጥብቄ የፈለግሁት፣ እምነት ደንን ለዘመናት ጠብቆ እንደሚያቆይ በመጽሐፍ ከሚያነቡት ይልቅ በእግራቸው ቢያውቁት ይሻላል ብዬ ነው።

ከጀልባ ማረፊያው ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ከፊት ትሄድ የነበረች አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በድንገት ቆማ እጇን ዘረጋች። የገመድ ውፍረት ያለው የጉንዳን ሰልፍ መንገዱን እያቋረጠ ነበር። በግራና በቀኝ ትልልቅ ራስ ያላቸው ጉንዳኖች መንጋጋቸውን ከፍተው ቆመዋል፤ በመካከላቸው ትንንሾቹ ነጫጭ እጮችን በሆዳቸው ሥር ይዘው ይሮጣሉ። ከኋላ የነበሩት ወንዶች ዘለው ሊሻገሩ ሲሉ “ቆዩ፣ እንዳትረግጧቸው!” አለቻቸውና፣ የነቢዩ ሱለይማን ሠራዊት ሲመጣ አንዲት ጉንዳን ጓደኞቿን “ሳያውቁ እንዳይረግጧችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ” ብላ እንዳስጠነቀቀች፣ ነቢዩም ሰምተው ፈገግ እንዳሉ ነገረችን። ይህች ልጅ በክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ የማታውቅ ናት። አብረውን ይሄዱ የነበሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ “እውነትሽን ነው ልጄ፤ ሰሎሞን በእኛም መጽሐፍ ወደ ገብረ ጉንዳን ሂድ ብሏል” አሏትና መቋሚያቸውን ተደግፈው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ሁሉም ተከትሏቸው ተቀመጠ። ሰልፉ እስኪሳሳ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ባለ ጀልባው ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ እንደሚነሣ አስቀድሞ አስጠንቅቆን ስለነበር የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕሎች ለማየት የያዝነው ጊዜ በዚያው አለቀ። በዚህ ቅር የተሰኙ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ እኔ ግን በመምህርነት ዘመኔ ከዚያ የተሻለ ትምህርት ሲሰጥ አላየሁም።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የ12ኛ ክፍል አባላት ለፈተና ዝግጅት በመለየታቸው ቁጥራችን ቀንሷል። የዋንዛው ግማሽ ቅርንጫፍም ለኤሌክትሪክ ሽቦ ሲባል ሳይነገረን ተቆርጧል።

ስለ ንብረታችንም በግልጽ ልጻፍ። ክበቡ ያለው ባይኖኩላር አንድ ብቻ ሲሆን እሱም አንዱ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ነው። ደብተር የሚገዙት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። የጀልባው ኪራይ ከወላጆች መዋጮ ስለተሸፈነ፣ መክፈል ያልቻሉ አባላት ዘጌን ሳያዩ ቀርተዋል፤ ዓርብን ሳያጓድሉ የሚገኙት ደግሞ ከእነዚሁ መካከል ናቸው። የክበባት በጀት በዋንጫና በሜዳልያ ብዛት መከፋፈሉ ከቀጠለ፣ የሚወዳደርበት መድረክ የሌለው ክበባችን ምንጊዜም ባዶ እጁን ይቀራል።

ስለዚህ የወላጅ መምህራን ኅብረት ለሚቀጥለው ዓመት የጀልባ ኪራዩን ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ እንዲሸፍን፣ የቀድሞ ተማሪዎቻችንም ባይኖኩላርና የወፎች መለያ መጽሐፍ በመግዛት እንዲያግዙን እጠይቃለሁ። የአባላቱ ደብተሮች፣ ባለቤቶቻቸው የፈቀዱት፣ በቤተ መጻሕፍቱ ስለሚገኙ በጀቱ ከመወሰኑ በፊት የኅብረቱ አባላት መጥተው ቢያነቧቸው ደስ ይለናል።