ብረት አልገባላትም ማለት አልታከመችም ማለት አይደለም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ልብ ሕመም በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ደብረ ብርሃን ሆኜ አነበብኩት። ወድጄዋለሁ። ግን የጠበበ የልብ ደም ሥር በስቴንት (ደም ሥሩን ከፍቶ በሚይዝ ትንሽ የብረት ወንፊት ቱቦ) ወይም በቀዶ ሕክምና ብቻ የሚከፈት አስመስሎ ያልፋል። ይህቺው ጉድለት ቤታችንን ስላመሰችው ነው የምጽፍላችሁ።

እናቴ የመንዝ ሰው ናት። ስኳር አለባት። ዳገት ስትወጣ ደረቷን ጨምድዶ ይይዛት ጀመር። እኛ ጨጓራ ነው እያልን ጊዜ አባከንን፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በኋላ አዲስ አበባ ስትመረመር የጠበበው አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ ሆኖ ተገኘ። ስፋቱ ከሁለት ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ሐኪሙ መድኃኒት በተቀባ ፊኛ ከፈተላትና ብረት ሳያስቀምጥ ጨረሰ። ሆስፒታሉ ግን ቁጭ አድርጎ ሳያስረዳን ወረቀት ሰጥቶ ሸኘን።

ከዚያ ጠያቂው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥ ጀመር። «ብረቱን ሳያስገቡላት? ገንዘብ አንሷችሁ ነው?» አክስቴማ «ነፍተው ሰደዷት» ብላ አለቀሰች። እናቴ ይህን ሰምታ እንቅልፍ አጣች።

እኔ ነገሩ የገባኝ በቀጠሮዋ ቀን ሐኪሙን ስጠይቀው ነው። መጀመሪያ የጠበበው ቦታ በተራ ፊኛ ይከፈታል። በደንብ ከተከፈተና ክፉ ስንጥቅ ካልታየ፣ ፓክሊታክሰል የተቀባ ሌላ ፊኛ ይገባል። ከግማሽ እስከ አንድ ደቂቃ ተነፍቶ ይቆያል፣ መድኃኒቱን ለደም ሥሩ ግድግዳ ይተውና ይወጣል። ፓክሊታክሰል የካንሰር መድኃኒት ሆኖ የሚታወቀው ነው፤ ሴሎች እንዳይባዙ ያግዳል። እዚህ ሥራው ቁስሉ ሲሽር ሥጋ አብቅሎ መንገዱን መልሶ እንዳይዘጋው ነው። ደም ሥሩ ክፉኛ ከተሰነጠቀ ወይም ተመልሶ ከጠበበ ግን ስቴንት ይገባል። ሐኪሙ ይህን አልደበቀኝም።

ቀጭን ደም ሥር ውስጥ ብረቱ ራሱ ቦታ ይይዛል። ሰፊው ላይ ትንሽ ሥጋ ቢበቅል ደም ማለፊያ አያጣም። ቀጭኑን ግን ያችው ትንሽ ሥጋ ታንቀዋለች።

ማስረጃም አለው። በ2018 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ባስኬት ስሞል 2 የተባለው ጥናት፣ ከ3 ሚሊ ሜትር የቀጠነ የልብ ደም ሥራቸው የጠበበ 758 ታካሚዎችን ወሰደ። ገሚሱ ፊኛው፣ ገሚሱ መድኃኒት ያለው ስቴንት ደረሰው። በአንድ ዓመት ውስጥ በልብ የሞቱት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመታቸው ወይም ያው ደም ሥር ዳግም የተከፈተላቸው በፊኛው ከመቶ 7.5፣ በስቴንቱ 7.3 ሆኑ። ያው ነው ማለት ይቻላል። በሦስተኛው ዓመትም አልተለያዩም።

ለእኛ አገር ሰው ደግሞ ትልቁ ነገር ኪኒኑ ነው። ስቴንት ከገባ ሁለት ዓይነት ደም ማቅጠኛ አብዛኛውን ጊዜ ለ6 ወር ይወሰዳል። እንደ እናቴ ድንገተኛ የልብ ሕመም ሳይመታው በፊኛ ብቻ ለታከመ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ወር ይበቃዋል፤ ከዚያ አስፕሪን ብቻ። መድኃኒት ሲያልቅበት ግማሽ ቀን ተጉዞ ፋርማሲ ለሚፈልግ ገበሬ ይህ ቀላል አይደለም። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን አደገኛ ነው።

ስለዚህ እባካችሁ ይህንንም ጻፉልን፤ ሽማግሌ ጮክ ብሎ ሲነበብለት በሚገባው አማርኛ። እኔ ጋዜጣውን ይዤ መጀመሪያ የምሄደው አክስቴ ቤት ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንባቢያችሁ ከደብረ ብርሃን